ሱቅ ሲሄድ የሚሮጥ፣ ቤት ሲመጣ የሚያነክስ

«ፍሬሙማ የትም አልወደቀም። ይኸው ግድግዳው ላይ አለ» አለ ጋሽ ፍሬን በስልኩ፣ የሟች ባለቤቱን ፎቶ ቀና ብሎ እያየ።

ስልኩን ድምፁን ለቆ ስለሚያወራ፣ ከወዲያ ያለው ቴክኒሻን ሲያስረዳው እኔ ጎረቤቱም ሰማሁ። ፍሬም ያለው የፎቶውን አይደለም። ላፕቶፑ ጌም ሲያጫውት በየሴኮንዱ የሚደረድራቸውን ሥዕሎች ነው። ሥዕሎቹ ሲያንሱ ጨዋታው ይንቀራፈፋል። ሰውየው የጠየቀው «ፍሬም ይጥላል ወይ?» ብሎ ነበር።

ጋሽ ፍሬን ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። «ሰማሽ? የባለቤቴን ፎቶ ምን አመጣው?»

«ስለ ላፕቶፑ እኮ ነው የሚያወራው።»

«ወሬ ማስቀየሻ ነው። አውቀዋለሁ።»

ጋሽ ፍሬን የወጣለት ስም ነው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ፣ ራሱ ሦስት ጊዜ ረግጦ ያልሞከረውን ፍሬን አምኖ ከመናኸሪያ ወጥቶ አያውቅም። ጉልበቱ ከመሪው ሲያወርደው ቤት ውስጥ ሊታፈን ሆነ። ፋርማሲ የምትሠራው ልጁ ላፕቶፕ ገዝታ የአውቶቡስ መንዳት ጌም አስጫነችለት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ለብሶ፣ ጫማውን አሥሮ፣ ሳሎኑ ውስጥ ተሳፋሪ ይጭናል። በግድግዳው በኩል «ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል እሰማዋለሁ። ለማን እንደሚለው ጠይቄው አላውቅም።

ከወር በፊት የላፕቶፑ ማራገቢያ ማጓራት ሲጀምር ልጅቷ ቴክኒሻኑ ጋ ወሰደችው። ቴክኒሻኑ ደግሞ ልታገባው የምትፈልገው ሰው ነው። አባትየውን በአፉ ጠይቋል፤ ጋሽ ፍሬንም «እሁድ እነግርሃለሁ» ብሎታል። ይህ የስልኩ ነገር የሆነው በዋዜማው፣ ቅዳሜ ነው።

ሰውየው የላፕቶፑን አቧራ ጠርጎ መለሰ። ከዚያች ሳምንት ጀምሮ አውቶቡሱ ሩብ ሰዓት ሳይነዳ ማነከስ ያዘ። ሁለት ጊዜ ወደ ቴክኒሻኑ ሱቅ ተወሰደ፤ ሁለቱንም ጊዜ እዚያ እንደ አዲስ ሮጠ። ቤት ሲመለስ አነከሰ።

«ግልጽ ነው» አለኝ ጋሽ ፍሬን። «ሱቁ ሲደርስ ዋናውን ዕቃ ይገጥምለታል። ሲመልስልኝ አውጥቶ አሮጌውን ይሰካል። ስንት ጋራዥ ያየሁ ሰው ነኝ።»

እኔም አፌን ብይዝ ጥሩ ነበር፤ አልያዝኩም። አንዱ ጠጋኝ የስፌት መኪናዬን ሞተር እንዴት እንደለወጠብኝ አጫወትኩት። መለወጡን እንኳ በደንብ አላውቅም፤ ነገር ግን ሳወራው ይጣፍጠኛል።

«አየሽ» አለ፣ አገጩን እያሻሸ። «የዕቃውስ ይሁን። ልጄን ሰጥቼው በምን ሊለውጥብኝ ነው?»

በዚህ ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ነገሩ እውነቱን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። መልሶ ደወለና «መፍቻህን ይዘህ ና፤ እፊቴ ትከፍተዋለህ። ምስክርም አለ» አለው። ምስክሯ እኔ ነኝ።

ሰውየው ቦርሳውን አንግቶ መጣ። ላፕቶፑ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ፣ ከጥገና የተመለሰ ዕለት በሰጠሁት ዳንቴል ላይ ተቀምጧል። በድርብ ክር የሠራሁት ነው፤ ዙሪያውን ጽጌረዳ አለው። ጋሽ ፍሬን ሰው በመጣ ቁጥር አንዷ ጽጌረዳ ብቅ እንድትል ያስተካክለዋል፤ ያን ዕለት ግን ተናዶ ስለነበር እኔ ራሴ አስተካከልኳት። ልጅቷ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ የደረቀ ብርጭቆ ትወለውላለች።

«ከመክፈታችን በፊት እንየው ጋሼ» አለ ቴክኒሻኑ። «ቻርጀሩ ተሰክቷል?»

«ሳልሰካ የምነዳ ይመስልሃል?»

«ኃይል ቁጠባ ላይ አድርገውት ይሆን?»

«ቆጥቤ አላውቅም።»

ሰውየው ነካካና አየ፤ በሙሉ ኃይል ላይ ነው። «እሺ። ይሄ ላፕቶፕ ሁለት ካርድ አለው። ሥዕሉን የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ጌሙ በትንሹ እየሠራ ከሆነ ይንቀራፈፋል።»

«ትልቁ አለ?»

«አለ።»

«እስቲ ጥራው።»

የካርዱ ስምና ቁጥር ስክሪኑ ላይ ወጣ። ጋሽ ፍሬን ይህን ጊዜ ከሸሚዝ ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከላፕቶፑ ካርቶን ላይ በእጁ የገለበጠው ነው። ድሮ የአውቶቡሱን መለዋወጫ ጎማ ቁጥር እንዲህ ጽፎ ይይዝ ነበር። መነጽሩን ሰካና አንድ በአንድ እየጠራ አመሳከረ። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ጌሙም የሚሠራው በትልቁ ነው።

«ቁጥር ማንም አስመስሎ ይጽፋል» አለ ወረቀቱን እያጠፈ።

ልጅቷ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «አባዬ።»

«አባዬ አትበይኝ። ይነዳና ይታይ።»

ተቀምጦ አውቶቡሱን አስነሣ። ቴክኒሻኑ ስክሪኑ ጥግ ላይ ሙቀቱን የሚያሳይ ቁጥር አወጣለት። መጀመሪያ ሰባ ነበር። ሁለት ፌርማታ ጫነ፤ ሰማንያ አምስት ሆነ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ዘጠና ሰባት። አውቶቡሱ አንዴ ዘለል፣ አንዴ ቆም ማለት ጀመረ፤ ተሳፋሪዎቹም ወንበራቸው ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ይኸው» አለ ጋሽ ፍሬን፣ እንደረታ ሰው። «ሱቅህ ውስጥ ይሄን ያደርጋል?»

«አያደርግም ጋሼ። ሲሞቅ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ነው የሚያዘግመው። ሱቅ ውስጥ አይሞቅም። እዚህ ምን እንደሚያሞቀው ነው ያልገባኝ።»

ጋሽ ፍሬን መዳፉን ከላይ ጫነበት፣ የመኪና ኮፈን እንደሚዳስስ። ፊቱ ትንሽ ተለወጠ። ስለ ካርድ አያውቅም፤ ስለ ሞተር ግን ማንም አይነግረውም።

«ራዲያተሩ የት ነው ያለው?»

«ማራገቢያ ነው ያለው። አየሩን ከሥር ይስባል።»

«ከሥር?»

«ከሥር።»

ቴክኒሻኑ ላፕቶፑን በሁለት እጁ አነሣ። ዳንቴሉም አብሮ ተነሣ። መሐሉ ወደ ውስጥ ተመጦ፣ ማራገቢያው ቀዳዳ ላይ ልጥፍ ብሏል። አንዷ ጽጌረዳ ብቻ በጎን ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች።

እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየሁ፤ ሟቿም እኔን የምታየኝ መሰለኝ።

ሰውየው ዳንቴሉን ቀስ ብሎ አላቀቀ፣ አጠፈ፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ላፕቶፑን ባዶ ጠረጴዛ ላይ መልሶ አኖረው። ጥቂት ቆይቶ ቁጥሩ ሰባ አምስት ገባ፤ አውቶቡሱም ድልድዩን ተሻግሮ ወረደ።

ጋሽ ፍሬን ይነዳል። ዓይኑ ከመንገዱ አልተነሣም። ልጅቷ ከጀርባው ቆማ ትጠብቃለች፤ ቴክኒሻኑ ያልተከፈተ ቦርሳውን እንደያዘ ቆሟል። ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ስለሆንኩ ማስተካከልም የኔ ድርሻ መሰለኝ።

«ጋሽ ፍሬን» አልኩት ዳንቴሉን ብብቴ ሥር እየወሸቅሁ፣ «እንግዲህ ለሙሽሮቹ የአልጋ ልብስ ልጀምርላቸው?»

ፌርማታ ላይ ቆመ። በሩን ከፈተ፣ ጫነ፣ ዘጋ። ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ረግጦ ሞከረና ጉዞውን ቀጠለ።

«ጀምሪ» አለ። «አየር የሚያስገባ ይሁን እንጂ።»