የናርዲ ጣልያን

እህቴ ናርዲ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ጣልያን ገጠር ገብታ አንድ ሳምንት ቆይታ መጣች። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚችላት አልሆነችም። ያረፈችበት የገበሬ ቤት ነው፤ ፈረንጅ እየከፈለ ቲማቲም ይለቅማል፣ ሊጥ ያቦካል፣ ዶሮ ይቀልባል። እየከፈለ! እናታችን እትዬ ዘውዴ ከሰላሌ አረምና ጭቃ ለመገላገል ስንት መከራ አይታ አዲስ አበባ እንደገባች እያወቀች፣ ይቺ ጉደኛ ያንኑ አረም ፍለጋ ውቅያኖስ ተሻገረች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይሄ ነው።

ስትመለስ እዚህ በሰው አገር፣ ኢስትሙር ሰፈር ያለውን የጓሮዋን ሣር ቆፍራ ቲማቲምና ጎመን ተከለችበት። በሶብላ የሚመስል ነገርም አለ፤ እሷ «ባዚሊኮ» ነው የምትለው። ስደውልላት «ጽጌ፣ በኋላ ኮል ላድርግሽ፣ ጋርደን ውስጥ ነኝ» ትለኛለች። ጋርደን! ከአጥር ሥር ያለች ሁለት አልጋ የማታስዘረጋ መሬት እኮ ናት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

እማዬ የምትኖረው እኔ ጋ ኦቤትስ ሰፈር ነው። የምሠራው አዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ስለሆነ አሮጊት እንዴት እንደምትያዝ ከማንም አልማርም። ክፍሏ ለብቻዋ ነው፤ ወደ ኋላ የሚለጠጥ ወንበር ገዝቼላታለሁ፣ ቀኑን ሙሉ የአማርኛ ቴሌቪዥን ይከፈትላታል። ቤቴ ከገባች ጀምሮ ማንኪያ አንስታ አታውቅም። ወደ ኩሽና ብቅ ካለች «እማዬ፣ እጅሽን እንዳላይ! ብዙ ለፍተሻል፣ አሁን እረፊ» ብዬ እመልሳታለሁ። ቸርች ውስጥ ሴቶቹ «ጽጌረዳ እናቷን እንዴት አድርጋ እንደያዘቻት!» ሲሉ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም።

ያለፈውን የብርድ ወራት ግን እማዬ መብላት ትታ ከረመች። የማቀርብላትን ሁሉ ነካ ነካ አድርጋ ትመልሰዋለች። ሐኪሙም ምንም አላገኘባትም። ይሄኔ ናርዲ «መጪውን ሰመር እኔ ጋ ትቆይ» ማለት ጀመረች። እማዬ ከቤቴ ከወጣች ሰው ምን ይለኛል? የሰውስ ይቅር፤ ከሥራ ስመለስ «ገባሽ እንዴ?» የሚለኝ ማን ነው? ፈራሁ። ለናርዲ ግን ፍርሃቴን አላሳየኋትም፤ ለእሷ የሚገባት ንቀቴ ነው።

አንድ እሑድ ከቸርች በኋላ እኔንና እማዬን ምሳ ጠራችን። ዛፍ ሥር ረጅም ጠረጴዛ ዘርግታ ቀይና ነጭ ዳማ ጨርቅ አልብሳዋለች። ለሦስት ሰው! «ጣልያኖቹ ሰንደይ እንዲህ ነው የሚበሉት» አለች። ምሳው ደግሞ የደረቀ ዳቦ ከቦሎቄና ከጎመን ጋር የተቀቀለበት ሾርባ ነው። የደረቀ ዳቦ፣ ለእናት!

«በእኛ ቤት የደረቀ ዳቦ ለእንግዳ አይወጣም» አልኳት።

«ትራዲሽናል ነው ጽጌ፣ ሪላክስ» አለችና፣ ይሄ ሳያንሳት ቢላዋና እቅፍ ጎመን አምጥታ እማዬ ፊት ቁጭ አደረገች። «እማዬ፣ እስኪ ይሄን ክተፊልኝ፤ ሾርባው ላይ የሚጨመር ነው፣ አልደረሰልኝም።»

ዘልዬ ተነሳሁ። «እናትሽን ምሳ ጠርተሽ ታሠሪያታለሽ? አታፍሪም?»

«እዚያ እኮ ኩሽናውን የሚመሩት አሮጊቶቹ ናቸው። እኔን ሊጥ ያስተማረችኝ የዘጠና ዓመት ሴት ናት።»

«የሚጦራት ልጅ አልወለደችማ!»

እማዬ አንዳችንንም አልሰማችም። ጎመኑን ጠቅልላ መክተፍ ጀምራለች። ቢላዋው ዱልዱም ሆኖባት ቀና አለች። «በዚህ ነው የምትከትፊው? ይሄ ቅቤም አይቆርጥ።»

ደስ አለኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። በንቀት ከሆነ እኔ የእማዬ ተማሪ ነኝ።

ጎመኑን ስትጨርስ ተነስታ ወደ ቲማቲሙ ሄደች። «ማነው እንዲህ ያጠጋጋው? ሊታፈን እኮ ነው። ይሄስ? አረም ነው ውሃ የምታጠጪው?» ናርዲ አፍራ ሳቀች። እማዬ ጎንበስ ብላ አረሙን ትነቅል ጀመር። ከዚያ መጥታ ሾርባውን ቀመሰችና «ይሄ ለሰው ነው ለጥጃ?» ብላ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት አስመጥታ በገዛ እጇ ጨመረችበት። አለቀልሽ ናርዲ፣ አልኩ በሆዴ። ስድቡን በማዳመጥ ተጠምጄ የእማዬን ሳህን አላየሁትም። ለካ ጠርጋ በልታ ደግማለች።

«በይ እንሂድ እማዬ» ብዬ ቦርሳዋን አነሳሁ። አልተነሳችም። ጥፍሯ ውስጥ አፈር ገብቷል።

«ያንን ቲማቲም ነገ ማን ነቅሎ ያራርቀዋል? ይቺ እንደሆነች አታውቅበት።»

«እማዬ፣ እኔ ጋ ምን ጎደለብሽ?»

አፈሩን ከጥፍሯ እየጠረገች፣ «ኧረ ምንም፣ የኔ ልጅ። አንቺ ቤት ሁሉም ነገር ተሠርቶ ያለቀ ነው።»

ይሄን ያለችው ሳትቆጣ ነው። ብትቆጣኝ በተሻለኝ ነበር። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ መለስኩና ብቻዬን ወደ ኦቤትስ ነዳሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ከሥራ በቀጥታ ናርዲ ቤት መጣሁ። እማዬ የናርዲን የሣር ባርኔጣ ደፍታ ቲማቲሙ መሃል ቆማ ታዛለች። ናርዲ አፈር በአፈር ሆና ትታዘዛለች። ሁለቱም ይሳሳቃሉ። አስጠሉኝ። ዝም ብሎ መቆሙም አልሆነልኝምና ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጎመን ልከትፍ ቢላዋውን አነሳሁ። ተስሏል።

እማዬ ከወዲያ አየችኝ። «ተይ ጽጌ! እጅሽን እንዳላይ። ከሥራ ነው የመጣሽው፣ እረፊ።»

መጥታ ቢላዋውን ከእጄ ተቀበለችኝ፤ ወንበር ስባ ጥላው ሥር አስቀመጠችኝ። እነሱ ሲሠሩ እያየሁ ተቀመጥኩ። ቆይታ ናርዲ ያንን ሾርባዋን አቀረበችልኝ። ነካ ነካ አድርጌ መለስኩት።