ኮምፒውተሩ በማን ድምፅ ይናገር?
በደምበጫ ጨርቅ የምትነግደው ፈውዚያ፣ ኦቲዝም ያለባትና በአፏ የማትናገር የዘጠኝ ዓመት ልጇ ኢክራማ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር መናገር ጀመረች ሲሏት ሱቋን ዘግታ ሄደች። ልጅቷ በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ ያለውን የውሃ ሥዕል ስትነካ ኮምፒውተሩ «ውሃ ስጡኝ» አለ። ድምፁ የመምህርቷ የየኔአለም ነበር።

የፈውዚያ ፊት ተለዋወጠ። «ልጄ በአንቺ አፍ ነው የምትናገረው? እናት የላትም?»

«መጥተው ድምፅዎን ይቅረጹልን ብዬ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ልኬልዎታለሁ» አለች የኔአለም ቀና ሳትል።

«ማንበብ እንደማልችል እያወቅሽ?»

መምህርቷ ማይክሮፎኑን ገፋ አደረገችላት። ፈውዚያ ቃላቱን አንድ በአንድ ቀረጸች።

ኢክራማ ሥዕሉን ደግማ ነካች። የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ግን ጆሮዋን ይዛ ጮኸች።

«የለመደችው ተለውጦባት ነው። የኔን ልመልሰው» አለች የኔአለም።

«እንዳትነኪው። እስክትለምደኝ ከዚህ አልነሣም።»

ፈውዚያ ሦስት ቀን ተመላልሳ ከልጇ ጎን ተቀመጠች፤ ኢክራማም ሦስቱንም ቀን ጮኸች። በአራተኛው ቀን ልጅቷ የዳቦ ሥዕል ነካች፤ ኮምፒውተሩ በእናቷ ድምፅ «ዳቦ ስጡኝ» ሲልም ሳትጮኽ እናቷን ጠበቀች። ፈውዚያ ዳቦውን እየቆረሰች እንባዋ መጣ። መምህርቷ እንዳታይባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።