የቤት ተማሪ መሐላ

ባሌ ዋቅወያ ሚሲዮን ያሳደገው ሰው ነው፤ ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም። ይህን በኩራት የማወራበት ዘመን ነበር።

ያኔ በንጉሡ ዘመን የምንኖርባት የኡኬ ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። ከዚያ ወዲያ ልጃችንን ድርቤን እቤት ያስተማራት እሱ ነው፤ ሒሳቡንም፣ እንግሊዝኛውንም፣ አማርኛውንም። የስምንተኛውን ስትጨርስ ነቀምቴ የሚኒስትሪ ፈተና ትወስዳለች፣ ከዚያ ነርስ ትሆናለች አልን። ሽማግሌ ሊጠይቃት በመጣ ቁጥር «ልጅቱ ተማሪ ናት» እያልን እንመልሳለን። ተማሪ ከሆነች አያስጨንቁንም፤ ቡናቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ።

ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ሦስታችንም ነቀምቴ ሄድን። የትምህርት ቢሮው ሹም አቶ በላይ እንደኔው የሸዋ ሰው ናቸው። ድርቤን ከዚህም ከዚያም ጠየቋት፤ አንዱንም አልሳተች። ደስ አላቸው።

«እቤት የተማረ ልጅ እንዲፈተን ደንቡ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው» አሉ። «ያስተማረው ሰው ይምላል። አቶ ዋቅወያ፣ ‹ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ንጉሥ ይሙት› ይበሉ። በቃ።»

ይሄማ ገበያ ላይ ሽንኩርት ሻጭ እንኳ በቀን አሥሬ የሚለው ነው።

«ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አለ ዋቅወያ።

«ንጉሥ ይሙት ይበሉ እንጂ።»

«ጌታ አትማሉ ብሏል። ቃሌ አዎን ነው።»

«አዎንዎ እኔን ያሳምነኛል፤ ደንቡን ግን አያሳምነውም።»

ነደደኝ። «እኔ እምላለሁ! ንጉሥ ይሙት፣ እሱ ነው ያስተማራት!»

«የሚምለው አስተማሪው ነው፣ ወይዘሮ ወይንሸት» አሉ አቶ በላይ እያዘኑ።

ድርቤ እጅጌውን ያዘች። «አባኮ፣ እባክህ።» ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አፉ ግን አልተከፈተም። ልቡ ድንጋይ ቢሆን እንደዚያ ባልተናደድኩ፤ ልጁን ምን ያህል እንደሚወድ አውቃለሁ። ሰዓቱ ደረሰና ምዝገባው ተዘጋብን። ለከርሞ ብንመለስስ? ያው አፍ፣ ያው ደንብ። እውነቱን ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይላሉ፤ እሱ ተናገረ፣ የመሸባት ልጄ ናት።

እሑድ ሽማግሌዎች መጡ። ኦቦ ባቻ የሚባሉት አዛውንት ስለ አንድ ነጋዴ ልጅ ብዙ ካወሩ በኋላ ድርቤን ጠየቁ።

«ልጅቱ ተማሪ ናት» ብዬ ቀደምኩ።

ኦቦ ባቻ እኔን ትተው ወደ ባሌ ዞሩ። «ዱጋዳ፣ ኦቦ ዋቅወያ? እውነት ነው?»

እግሩን ረገጥኩት። እግሩን ሰበሰበ።

«ነበረች» አለ። «አሁን ግን አይደለችም።»

ጓዳ ውስጥ ድርቤ ስታለቅስ ይሰማል። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ምርቃቱን ጀመሩ። «ማል» ያለው ሰው አልነበረም፤ ቃሉ ብቻ በቃቸው።