ደረሳ ያልመሰከረው

ደረሳ ጌታን ባገኘ በዓመቱ፣ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ባለችው ጸሎት ቤት ቆሞ ሲመሰክር የተናገረው ስለ አረቄ ብቻ ነበር። ይጠጣ ነበር፣ ጌታ አስተወው፣ አለቀ። ምእመኑ እንደ ነገሩ አጨበጨበለት። ከእሱ ቀጥሎ የተነሣው ዋጋሪ ግን ሰባት ዓመት ለቃልቻ እንዳደረ፣ የጥቁር በግ ደም ትኩሱን እንደጠጣ ሲናገር ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ዋጋሪ የሰፈሩ ሰው ነው፤ ደም ቀርቶ ጥሬ ሥጋ እንኳ ሆዱን እንደሚያመው ደረሳ አሳምሮ ያውቃል። ቢሆንም ቅናት ያዘው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሰው በኃጢአትም ቢሆን መበለጥ አይወድም።

በሚቀጥለው ጊዜ መቃብር ቤት ማደርን ጨመረ። እልልታው ደህና ነበር። ጊምቢ ጉባኤ ላይ ሲመሰክር አንድ ሰው ገደለ፤ ደምቢ ዶሎ ሲደርስ የገደላቸው ሦስት ሆኑ። እዚያ የነበረ አንድ ፖሊስ አብሮ ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ ዋለ እንጂ «የትና መቼ ነው የገደልከው?» ብሎ አልጠየቀውም። የጉባኤዎቹ አዘጋጅ ፓስተር ኢቢሳ የደረሳን ፎቶ ባነር ላይ አሳትሞ ከሥሩ «ከገዳይነት ወደ አገልጋይነት» ብሎ አስጻፈበት። ሙያው ውኃ ፓምፕ ጥገና የሆነው ሰው በአራት ዓመት ውስጥ የወለጋ ታዋቂ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ አረፈው።

አንድ እውነተኛ ኃጢአት ግን ነበረው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ አንገር ጉቲን ያሉ ሰፋሪዎች የመስኖ ፓምፓቸው ተበላሽቶ አስጠሩት። ዘበኛው አስማረ ነበር፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ልጅ ሆኖ ከወሎ የመጣ ሰው። ደረሳ «ነቀምቴ ወስጄ ልሥራው» ሲለው አስማረ ወረቀት አላስፈረመውም። «አንተን ደግሞ ላስፈርም? ነውር አይደለም እንዴ?» ብሎ ፓምፑን በትከሻው ተሸክሞ መኪና ላይ ጫነለት። ደረሳ ሸጦ ጠጣበት። የሰፋሪዎቹ ማኅበር ሲጠይቀው «አስማረ የሰጠኝ ነገር የለም» ብሎ በእናቱ አጥንት ማለ። አስማረ ዓመት ከስድስት ወር ታሰረ።

ይህን ለምን አልመሰከረም? ሦስት ሰው የገደለ ጎበዝ ፓምፕ ሰረቅሁ ቢል ክብሩ አይደለም። ደግሞም እውነት ስለሆነ ያፍርበታል። ለጸሎት ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ግን አስማረ ፓምፑን ተሸክሞ ይመጣበታል። ደረሳ ለሕዝቡ ነፃ ወጣሁ እያለ፣ አንድ ቀን እንኳ አሜን ብሎ በሰላም ተነሥቶ አያውቅም።

ዘንድሮ ጉባኤው አንገር ጉቲን ሆነ። ደረሳ ጠዋት ከመኪና እንደወረደ ሻይ ቤት ገባና አስማረ የሚባል ሰው በሕይወት እንዳለ ጠየቀ።

«አስማረ ሀቱ?» አለችው ሻይ ሻጯ፤ ሌባው አስማረ ማለቷ ነው። «አለ፣ ምን ይሆናል። ቤቱ ከጤና ኬላው ጀርባ ነው።»

ልጅቷ ያኔ ሕፃን ነበረች፤ ስሙን ከነቅጽሉ ነው የወረሰችው። ደረሳ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ከሰዓት መድረክ ላይ ሲወጣ ኪቦርዱ ቀስ ብሎ ይጫወት ነበር። «ሰው ገድዬ አላውቅም» አለ በኦሮምኛ። «የነገርኳችሁ ውሸት ነው። እኔ እዚሁ አገር ፓምፕ ሰረቅሁና ንጹሕ ሰው አሳሰርሁ።»

ኪቦርዱ ቆመ። ግድያውን ሊሰማ ስንት ኪሎ ሜትር በእግሩ የመጣው ሕዝብ እርስ በርሱ ተያየ። ፓስተር ኢቢሳ ማይኩን ቀማው።

«ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜ! ወገኖች፣ የሐሰት መንፈስ ይዞታል፣ እንጸልይለት!»

አራት ዲያቆናት ጭንቅላቱን ይዘው «ውጣ! ልቀቅ!» እያሉ ወዘወዙት። በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋን እውነት ስለተናገረ ሰይጣን ሊወጣለት ሆነ። ሲደክማቸው ፓስተሩ ጆሮው ሥር ጎንበስ አለ። «አሁን ተሻለህ? ስለ ሦስቱ ሰዎች ትነግራቸዋለህ?»

«አልነግርም» አለና ደረሳ ከመድረኩ ወርዶ ወደ ጤና ኬላው ሄደ።

አስማረ ደጁ ላይ ቀንበር ይጠርብ ነበር። ሸብቷል። ቀና ብሎ አየውና መጥረቢያውን አስቀመጠ። ደረሳ እንደቆመ ሁሉንም ነገረው፤ ዛሬ መድረክ ላይ የሆነውንም ጭምር።

«ለእግዜር ነግረኸዋል?» አለ አስማረ።

«አምስት ዓመት ሙሉ።»

«እሱማ ያኔም ያውቅ ነበር። ሌባ ያለኝ እሱ አይደለም፣ ገበያው ነው። የዛሬውን እንደሆን ሰይጣን ነው ያናገረው ብለው ሸኝተውታል። ቅዳሜ ገበያ ወጥተህ ንገርልኝ።» መጥረቢያውን መልሶ አነሣ። «እስከዚያ የት ታድራለህ?»

«እንጃ።»

«እዚሁ ነዋ። አብሽር፣ ግባ።»

ሁለት ቀን እዚያ አደረ። እራት የምታቀርብለት የአስማረ ልጅ ሲቲ ነበረች፤ አንድም ጊዜ ቀና ብላ ፊቱን አላየችም። አባቷ በታሰረ ጊዜ የታጨችበት ቤት «ከሌባ አንጋባም» ብሎ እጮኝነቱን አፍርሷል፤ ከዚያ ወዲህ የጠየቃት የለም። ይህን የነገረው አስማረ ነው፣ እንዲሁ በወሬ መሐል። ደረሳ እራቱን ሳይጨርስ እጁን ታጠበ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ገበያው ሲሞላ፣ በበቆሎ ሻጮቹ መሐል ቆሞ ተናገረ። ማይክ የለም፣ ኪቦርድ የለም። አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ። መጀመሪያ ሰው ያበደ መሰለው። ቀጥሎ አንዱ ሳቀ፣ አንዲት ሴት ሰደበችው። የያኔው የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ገብረክርስቶስ፣ አስማረ ላይ የመሰከሩት ሰውዬ፣ ኮፍያቸውን አወለቁና አንገታቸውን ደፉ። ደረሳ አፈረ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ተናግሮ ሲጨርስ ሊሄድ ዞረ።

አስማረ ክንዱን ያዘው። «ሲቲ አልሰማችም፤ በዚያ በኩል ናት።»

በርበሬ ተራ ድረስ ወሰደው። ሲቲ ጆንያዋን ትታ ተነሣች። ግራና ቀኝ ያሉት ሻጮች ሚዛናቸውን አስቀመጡ። ደረሳ አንገቱን ሰብሮ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጀመረላት።

ሲቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየችው።

«ጮክ በል» አለችው። «ከዚያ ማዶ ያሉት አይሰሙህም።»

ደረሳ ጉሮሮውን ጠርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ።