ጭቃውን እንዳትነኪ

ማርኒ ሃውግላንድ የማታውቀውን ነገር ሰው ከመጠየቅ ጣቷን ቢቆርጧት ትመርጣለች። ቆርቆሮ መቀጥቀጡንም፣ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ የሚያያይዘውን ሪቬት መምታቱንም፣ ቀለም መርጨቱንም ማንም አላስተማራትም፤ እያበላሸች፣ ያበላሸችውን እየነቀለች ነው የለመደችው። እንዴት ቻልሽው ያላትን ሁሉ «ዓይን አለኝ፤ አንተ ያንተን የት ጣልከው?» ብላ ታሳፍረዋለች። ቴክሳስ ውስጥ ለትርኢት የሚበሩ የጦር አውሮፕላኖች ስታድስ፣ የማርኒ ክንፍ ፊት ያሳያል፣ ጢም ያስላጫል ይባልላት ነበር። ይህን መስማት ሰልችቷት አያውቅም።

ቢግሆርን ተራራ ሥር ያለው ሙዚየም ያስጠራት ለስድሳ አንድ ነው። ስድሳ አንድ በቁጥሯ የምትጠራ፣ አራት ሞተር ያላት አሮጊት አውሮፕላን ናት። መርከብ እንድታሰጥም ተሠራች፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ባሕር ኃይሉ ጣላት፤ የዚህ ሸለቆ ሰዎች ገዝተው ቦምብ ትሸከምበት በነበረው ሆዷ ውስጥ ታንከር ገጠሙላት። ከዚያ ወዲያ ጥዱ በነደደ ቁጥር እሳት የሚገታ ቀይ ፈሳሽ ተሸክማ እየተነሣች፣ በጭስ ውስጥ ዝቅ ብላ እሳቱ ፊት እያፈሰሰች ኖረች። የእኩዮቿ ክንፍ አየር ላይ መታጠፍ ሲጀምር እሷንም እንዳትበር ከለከሏት። ሜዳው ዳር፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ቆማ ቀረች።

ማርኒ መጀመሪያ ስታያት «ይቺንማ ወደ ጥንቱ ሰማያዊ ቀለሟ ነው የምመልሳት። መትረየሶቿንም እሠራላታለሁ» ብላ ነበር። የከተማው ሰው አንድ ላይ ተነሣባት። ጦርነት ላይ የቆየችው ለምን ያህል ጊዜ ነው? እኛ ጋ ግን ዕድሜዋን ጨረሰች፤ ስትታይም እሳት አጥፊ ሆና ነው የምትታየው አሏት። ማርኒ ተሸነፈች። መሸነፏን ግን «እሺ፣ ክንፍ ያላት የውኃ ቦቴ ትሁንላችሁ» በሚል ቀልድ አለበሰችውና ሃንጋር አስገብታ ጅራቷን ብርቱካናማ መቀባት ጀመረች።

አርሊስ ትቬት የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ባላቸው ሮይስ የስድሳ አንድ ረዳት አብራሪ ነበር። አንድ በጋ፣ የታመመ ጓደኛውን ተክቶ በሌላ አውሮፕላን ወጣና ያችኛዋ ክንፏ ታጥፎ እሳቱ መሀል ወደቀች። የሬሳ ሳጥኑን የተሸከሙት ሰዎች እስከ ዛሬ ስለ ክብደቱ አያወሩም፤ ክብደት አልነበረውምና። አርሊስ የቀለም ማስለቀቂያው ሽታ ደረታቸውን ስለሚዘጋቸው የሃንጋሩን በር አላለፉም። የጋገሩትን የሩባርብ ፓይ በፎጣ ሸፍነው ደጁ ላይ ቆሙና፣

«የፈለግሽውን ፋቂ፣ የፈለግሽውን ቀቢ ልጄ» አሏት። «ጭቃውን ብቻ እንዳትነኪ።»

«ጭቃ ደግሞ ማን ይነካል ብለው!»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ማርኒ አንቱታ የሚወጣላት ለእኚህ ሴት ብቻ ነበር። ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም። ፓያቸው ይሆናል።

ጭቃውን ፈልጋ አገኘችው። የግራው ጎማ በሚታጠፍበት ጉድጓድ ውስጥ ደርቆ የተጋገረ አፈር ነበር። መቼም ለመጨረሻ ጊዜ ያረፈችበት ሜዳ አፈር ይሆናል፤ የባልቴት ነገር፣ ከአፈርም ትዝታ ያወጣሉ፣ ስትል አሰበች። ቃል ቃል ነውና ዙሪያውን በገመድ አጠረችው፤ ካርቶን ላይም «ይህን ጭቃ የነካ ከማርኒ ጋር ይተያያል» ብላ ጽፋ ሰቀለች። ከዚያ በጀርባዋ ተንጋልላ ከአውሮፕላኗ ሆድ ሥር ገባች። ሆዷ ላይ ከዓመታት የሞተር ዘይት ጋር የተጋገረ ቀይ ዝቃጭ ነበር፤ የታንከሩ በሮች ከሚከፈቱበት አንሥቶ እስከ ጅራቷ የተዝረከረከ። ፋቀችው፤ አሸችው፤ ወለወለችው። ስትጨርስ ከሆዷ ሥር የቆመ ሰው እንደ መስታወት እያያት ጥርሱን ሊፍቅ ይችል ነበር።

የሙዚየሙ መክፈቻ ዋዜማ ረፋዱ ላይ ዴልበርት ከሆስፒታል ተመለሰ። ስድሳ አንድን ዕድሜውን ሙሉ የጠገናት መካኒክ ነው፤ ዳሌውን ሊያስቀይር ቢሊንግስ ከተማ ሄዶ ሥራው ያለ እሱ ተሠራ። በአዲስ ከዘራ እየተንገዳገደ ገባ።

«ዳሌህን ነው የቀየሩት ወይስ ጠባይህን?» አለችው ማርኒ ከመሰላሉ ላይ።

«ጠባዬን ሊቀይሩ ፈልገው መለዋወጫ አጡ።» ጅራቷን ቀና ብሎ አየ። «ብርቱካኑ ጥሩ ነው። ከቴክሳስ የመጣ ሰው የቀባው አይመስልም።»

«ምስጋና ከሆነ ድገመው፤ አልሰማሁህም።»

ዴልበርት ግን ገመዱ ጋ ደርሶ ነበር። ካርቶኑን በከዘራው ጫፍ ነካ አደረገው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማንበብም ተውክ? ጭቃ።»

«ጭቃነቱንማ አያለሁ። የላም መሰማሪያ ጭቃ ነው። የታሰረው ምን አጥፍቶ ነው?»

«አርሊስን ጠይቃቸው። ጭቃውን እንዳትነኪ ብለው አስምለውኝ ነው።»

ዴልበርት ሳቀ። ከዘራው ላይ ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። «አይ አንቺ ልጅ! ጭቃ እኮ...» አለና ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ ወደ ሆዷ ዞረ።

«ጭቃ ማለት ቀዩ ነው» አለ። «እሳት ላይ የምናፈሰው። እኛ ሌላ ስም ጠርተንለት አናውቅም። ጭቃ ጫኑ፣ ጭቃ አልቋል፣ የማን ጭቃ ነው ያረፈው፣ እንላለን። እዚህ ከተማ ሕፃን ልጅ ብትጠይቂ ይነግርሻል።»

ብትጠይቂ የምትለዋ ቃል ማርኒን መሰላሉ ላይ አደረቀቻት።  

ዴልበርት ጎንበስ ብሎ ከታንከሩ በሮች ኋላ ገባ። የሚያንጸባርቀውን ብረት በመዳፉ ሲዳስስ የራሱን ፊት አየ።

«የሮይስ እጅ የት ሄደ?»

«የምን እጅ?»

እዚያው ብረቱ ሥር እንዳጎነበሰ ነገራት። የእሳቱ ወራት ባለቀ ቁጥር አብራሪውም፣ ጫኚውም፣ መካኒኩም እጁን ጭቃው ውስጥ ነክሮ ሆዷ ላይ ያትማል። ዝናብና በረዶ ያጥበዋል፤ በዓመቱ ደግሞ ያትማሉ። ሮይስ ሲሞት ግን የእሱ ገና አልለቀቀም ነበርና ዴልበርት ቨርኒሽ ቀባበት። ሌላው ሁሉ ሲሄድ ያ እጅ ቀረ። አርሊስ በየበጋው ቁጥቋጦውን ጥሰው እየመጡ መዳፋቸውን መዳፉ ላይ ያደርጉ ነበር። ከእሱ የተረፈ ሌላ የሚነካ ነገር የላቸውም።

«አላየሽውም?»

«አላየሁም» አለች ማርኒ።

አይታዋለች። ከዘይቱ ሥር ጠንከር ያለ፣ ማስለቀቂያው እምቢ ያለው ቁራጭ ነበር፤ ግማሽ ቀን ታግሏታል። ጣቶቹ አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ «አንዱ ባለጌ እጁን ጠርጎባት!» ብላ ብቻዋን ስቃለች። ከዚያ ጣት በጣት ፋቀችው። ትንሿን ጣት መጨረሻ።

ዴልበርት ተሳድቦ ቢሆን ኖሮ ታውቅበት ነበር። አልተሳደበም። «አርሊስ ከምሳ በኋላ ትመጣለች» አለ። «ነገ ሰው ሳይሞላው ብቻዋን ልታየው። እኔ ልንገራት ወይስ ትነግሪያታለሽ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እንግዲያው እኔ ካፌ ልሂድ። እዚህ ቆሜ ላየው አልችልም።»

ከዘራው የሲሚንቶውን ወለል እየቆረቆረ ራቀ። ማርኒ ከመሰላሉ ወርዳ ሆዷ ሥር ተቀመጠች። አርሊስ በሩን ሲያልፉ ታያት፤ ምን ብላ እንደምትጀምር ግን አልታያት አለ። «አፈር መስሎኝ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በየት በኩል ብታገላብጠው ሞኝ ያደርጋታል። ሞኝ መባል ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ከቀማኛ በላይ ስትሸሸው የኖረችው ነገር ነው።

ዕቃ ቤት ውስጥ ከድሮ የተረፈ የቀዩ ፈሳሽ ዱቄት እንዳለ ታውቃለች። ግማሽ የቀረ ጆንያ አመጣች። በቆርቆሮ ውስጥ ከውኃ ጋር አቡክታ እስኪወፍር አማሰለችው። እጇ ለሴት ትልቅ ነው፤ የሰው ሁሉ መቀለጃ ሆኖ የኖረው እጅ ዛሬ ጠቀማት። ነክራ አተመችው። በሙቅ አየር አደረቀችው፤ ዳር ዳሩን በጣቷ አሳሳችው፤ ጥቂት የሞተር ዘይት ቀባብታ ዕድሜ ሰጠችው። ወደ ኋላ ሄዳ አየችው።

ጥሩ ሥራ ነበር። ኋላ አስባ አስባ ፊቷን የሚያቃጥላት ይኸኛው ነው፤ ለአንድ አፍታ በሥራዋ ተደስታለች።

አርሊስ ፀጉራቸውን ተሠርተው መጡ። ሽታው ለቅቆ ስለነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሩ አለፉ። ጅራቷን አይተው «እንዲህ ነበረች! በስመ አብ፣ ልክ እንዲህ ነበረች» አሉ። የማርኒን ጉንጭ ነካ አደረጉ። ማርኒ «አይለቅም፣ ጥሩ ቀለም ነው» አለች። አርሊስ ቦርሳቸውን ለእሷ ሰጥተው ጎንበስ አሉና ከታንከሩ በሮች ኋላ ገቡ። እጃቸው ሲነሣ ታየ። ሳይነካ አየር ላይ ቆመ።



«ማርኒ።»

«አቤት።»

«ይኼ የማን እጅ ነው?»

ማርኒ የታቀፈችውን ቦርሳ መሬት አስቀመጠች።

«ሮይስ ሲያትም ቀኝ እጁ በፋሻ ታስሮ ነበር፤ የታንከሩ በር ቀርጥፎት» አሉ አርሊስ፤ ድምፃቸው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «በግራው ነው ያተመው። እኔም የምዘረጋው ግራዬን ነው፤ ቀለበቴ ያለበትን። ይኼ ቀኝ ነው።»

«አፈር መስሎኝ ነው» አለች ማርኒ። ያገላበጠችው ዓረፍተ ነገር ሳታስበው ወጣ። «ጭቃ ሲሉኝ... አፈር መስሎኝ። ያውና፣ አጥሬዋለሁ።»

አርሊስ ዞር ብለው ገመዱን አዩ። ካርቶኑን አነበቡ። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር መጣና ሳይደርስ ተመለሰ።

«ስታጠፊው አይተሽዋል?»

አንዴ «አላየሁም» ብላ ነበር። ሁለተኛው ይቀላል ብላ ጠብቃ ነበር።

«አይቼዋለሁ።»

«ጣቶቹን?»

«ሁሉንም።»

«እሺ» አሉ አርሊስ። «አሁን ይኼን ጥረጊው። እኔ እዚሁ ቆሜ።»

ማርኒ ባልዲና ጨርቅ አመጣች። ተንበርክካ ማሸት ስትጀምር ዴልበርት ከካፌው ተመልሶ በሩ ላይ ደረሰ፤ ያየውን አይቶ ባርኔጣውን አወለቀና ከዚያ አላለፈም። ቀዩ ውኃ በክንዷ ወርዶ እጅጌዋ ውስጥ ገባ። የሮይስ እጅ ግማሽ ቀን ታግሏት ነበር፤ የእሷ በአንድ ጨርቅ ለቀቀ።

«የት ጋ ነበር?» አሉ አርሊስ።

«ምን አሉኝ?»

«የእሱ። ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖብኛል፣ ሁሉም ያብለጨልጫል። ቦታው ጠፋኝ።»

ብረቱ ከተወለወለ ወዲህ ቦታውን ከማርኒ በቀር የሚለይ ሰው አልነበረም። እሷ ግን በየሪቬቱ ታውቀዋለች። «ወደ እዚህ... ትንሽ ከፍ። አውራ ጣቱ ከዚች መስመር ይጀምራል» አለች። የአርሊስን እጅ ይዛ ማስተካከል ነበረባት፤ እጇ ቀይ ስለነበር መንካት አፈረች፤ በአገጯ አመለከተች። አርሊስ ግራ መዳፋቸውን ባዶው ብረት ላይ አሳረፉ። ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ማርኒ ወለሉን አየች።

«ይቀዘቅዛል» አሉ በመጨረሻ። እጃቸውንም አወረዱ።

ቦርሳቸውን ከመሬት አንሥተው ሲሄዱ ማርኒ ከኋላ ተከተለች። «ነገ አልመጣም» አለች። «ዕቃዬን ዛሬ ሰብስቤ እሄዳለሁ።»

አርሊስ ሳይዞሩ ቆሙ። «ጅራቷ ላይ ያለው ቁጥር አንድ እጅ ቀለም ይቀረዋል» አሉ። «ማን ሊቀባው ነው?»

መኪናቸው ተነሥቶ ሲሄድ ተሰማ። ዴልበርት ባርኔጣውን መልሶ አደረገና መጥቶ መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘላት። ማርኒ እጇን ታጥባ፣ ብርቱካናማውን ቆርቆሮ ከፍታ ወጣች። አንድ ክፉ ቃል ከሥር እንዲወረውርላት እየጠበቀች ነበር፤ ለማንኛውም ስድብ መልስ አላት። ዴልበርት መሰላሉን እንደ ያዘ፣ ቀና ብሎ ሳያያት፣

«ቀስ ብለሽ» አለ ብቻ።