የሚበቅል ጣት

በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሁሉም ነፋሱ ነው ቢሉኝም፣ እጄ መያዣው ላይ ነበር። ጢኒጥ የምንላት የአምስት ዓመት የልጅ ልጄ የመሀል ጣቷ ጫፍ ከነጥፍሯ ተቆርጦ ሄደ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። መርፌና ክር ያወጣል ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ስጠብቅ፣ ጣቷን አጥቦ እንደ ላስቲክ ያለ ስስ ነገር ለጠፈባት፤ አለቀ።

«አይሰፋም እንዴ?» አልኩት።

«ከሰፋነው ባለበት ይቀራል፣ እናቴ። የጥፍሩ ሥር አልተነካም፣ እሷም ልጅ ናት። እንደተሸፈነ ከተዋችሁት ይበቅላል። በየሳምንቱ እኔ እቀይረዋለሁ፤ እስከዚያ እንዳትነኩት።»

ይበቅላል አለ። ቁስል ይድናል፣ ይሽራል፣ ይጠግጋል ሲባል ሰምቻለሁ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ጣት እንደ ጎመን ይበቅላል የሚል ግን የትም አላነበብኩም።

የጢኒጥ እናት፣ ልጄ፣ ከሐኪሙ ጋር ወገነች። እሷ የምትሠራው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ጣት የምታህል ዓሣ አደንዝዛ የጅራቷን ጫፍ ትቆርጥና፣ መልሶ እስኪወጣ በየቀኑ በማጉያ ታያለች።

«ዓሣዋ በሁለት ሳምንት ትተካዋለች፣ እማዬ። የሰው ገላ ይህን ሙያ ረስቶታል። የልጆች ጣት ጫፍ ግን ትንሽ ያስታውሳል።»

«ልጅሽ ዓሣ ናት?»

«ስትታጠብ አላየሻትም?»

ለእሷ ቀልድ ነው። እኔ እህል አልበላ አለኝ።

በአምስተኛው ቀን ጣቷ ሸተተ። አፍንጫዬ አያታልለኝም። እናቷ ሥራ ሄዳለች። ቁስል አየር ካላገኘ ይበሰብሳል እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ለብ ያለ ውሃ በጨው አዘጋጅቼ ጢኒጥን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት።

«እማማ፣ እንዳትከፍቺው።»

«ላየው ብቻ ነው።»

«እያዩት አይበቅልም።»

ጠርዙን ላጥ አደረግኩት። ቡናማ ፈሳሽ ወጣ። ጣቷን የጨዉ ውሃ ውስጥ ልነክር ስል መንጭቃኝ ብብቷ ውስጥ ደበቀችው። ያኔ ፈራሁና ለእናቷ ደወልኩ።

«ከፈትሽው?»

«ጠርዙን ብቻ።»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጨው አስነካሽው?»

«ልጅሽ እምቢ አለች።»

«ተባረኪ በያት። ሽታው እኮ ያለ ነው፣ እማዬ። ሐኪሙ በሰጠን ወረቀት ላይ ‹ይሸታል፣ አትደንግጡ› ይላል። ወረቀቱ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሳላሳይሽ ቀረሁ።»

እናቷ ከሥራ መጣችና፣ ሁለታችንም ጥፋተኞች ሆነን ጢኒጥን ይዘን ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ጎንበስ ብሎ አየ፣ አሸተተ፣ ደህና ሽታ ነው አለና አዲስ ለጠፈ። ደህና ሽታ የሚባል ነገር እንዳለ በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ። ከዚያ ወዲያ ያን ሽታ ባልሰማሁ ቀን ነበር የምጨነቀው።

እነሆ ሦስት ወር ሆነ። ጣቷ ከሌላው እጇ የመሀል ጣት የሩዝ ፍሬ ያህል ያጥራል። ጥፍሩ ሳሳ ብሎ ወጥቷል። እናቷ በማጉያ አይታ አሻራም አለው ትላለች፤ የእኔ ዓይን እዚያ አይደርስም።

ትናንት ጠዋት ፀጉሯን ሳበጥር ጎትቻት ኖሮ፣ ተወራጭታ አንገቴን ቧጠጠችኝ።

«በየትኛው ጣትሽ ነው?» አልኳት።

ያጠፋች መስሏት እየተቁለጨለጨች የመሀሉን አሳየችኝ። ማበጠሪያውን ጥዬ መስታወት ፊት ቆምኩ። ቀጥ ያለ፣ ቀይ መስመር ነው።

«ቅባት ላድርግልሽ?» አለች እናቷ።

«ተይው፣» አልኳት፣ «ትንሽ ይታይ።»