ውሃ ነው ወይስ ልጅ?

ልብስ ሰፊዋ ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ክፍል ትመላለሳለች። የወር አበባዋ መቅረቱንም፣ ጠዋት ጠዋት ማስመለሱንም በበሽታዋ አሳበበች። ነገሩን የጠረጠረችው የእጥበት ክፍሉ ነርስ፣ ሲስተር ናት። ክብደቷ አልወርድ ሲል፣ የእጥበት ማሽኑ ከሰውነቷ ውሃ ሲቀንስላትም ራሷን ሲያዞራት፣ አልትራሳውንድ እንድትነሳ አደረገቻት። አርግዛለች።

ዶክተሯ ምንም አልደበቀቻትም። ልጁ ቀኑ ሳይደርስ ሊወለድ፣ እሷም ለአደጋ ልትጋለጥ እንደምትችል፣ ልትቀጥል ከፈለገች ግን ደሟ ንጹሕ እንዲሆን ከእሁድ በቀር በየቀኑ መታጠብ እንዳለባት ነገረቻት። ባሏ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ቤት እንደገቡ ጫማውን እያወለቀ፣

"ለእኔ አንቺ ትበልጪብኛለሽ" አላት።

"ለእኔም እበልጣለሁ" አለችው፤ "ግን ልሞክረው።"

ክፍት ማሽን ግን አልነበረም። ይህን ጊዜ ከጎኗ የሚታጠቡት ጡረተኛ የሒሳብ አስተማሪ፣ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው፣ ታማሚዎቹን አንድ በአንድ አግባብተው ፈረቃውን ሸነሸኑት። ከራሳቸው ጠዋቶችም አንዱን ለቀቁላት። ሲስተርም ተስማማች።

በየቀኑ መታጠቡ ያላሰበችውን ሲሳይ ይዞ መጣ። ለኩላሊት ሕመምተኛ አይሆንም ተብላ ስንት ዘመን የተከለከለችውን ሙዝ፣ ደሟ እየተመረመረ፣ ብይ ተባለች። የመጀመሪያውን ስትልጥ ክፍሉ በሙሉ አንገቱን አሰገገ። ጋሼ ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ እባክሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪ አሏት።

ሚዛን ላይ በወጣች ቁጥር ደግሞ ክርክር ይነሳል። የጨመረው ውሃ ነው ወይስ ልጅ? ሲስተር ቁርጭምጭሚቷን ጫን ጫን አድርጋ ታያለች፤ ግፊቷን ትለካለች፤ ታማሚው ሁሉ ሳይጠየቅ ሐሳብ ይሰጣል። "ይሄ ልጅ ነው" ብላ ሲስተር የፈረደች ቀን፣ ክፍሉ የራሱ ልጅ ያደገለት ያህል ደስ ይለዋል።

ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ ግፊቷ አሻቀበ፤ በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ እፍኝ ብታህልም ጩኸቷ ኮሪደሩን ሞላው። ሙቀት ክፍል ስትቆይ እናቷ ታች ትታጠባለች፣ ላይ ወጥታ ታጠባለች። ሲስተር ይህን ሰምታ፣ ሥራሽ መታጠብና ማጥባት ሆኖ ቀረ ብላ ሳቀች።

በመጨረሻ ወደ ቤት ሂዱ ተባሉ። ያ አውቶቡስ ሲያበር የኖረ ሰው፣ የተዋሰውን መኪና እንደ ኤሊ አስኬደው፤ ከኋላው መንገዱ በጥሩምባ ተናወጠ።

"አንተ ሰውዬ" አለችው ልጇን እንዳቀፈች፣ "እንዲህ ከሆነማ ቤት ሳንገባ ለትምህርት ትደርሳለች።"

እሱ ግን ማርሽ አልቀየረም።